ብቻውን የቆመ ቁጥር

ሜሪን ስታትስቲክስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ የምናገረው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚነሳ ነው። አማካይ ምን እንደሆነ፣ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ከሌሎቹ ርቆ የቆመ ቁጥር ሲገጥማት ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ሁሉንም እቤታችን በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ በእናቴ ጨጨብሳ እያባበልኩ አስተማርኳት። የተማረችውን በእናቴ ላይ ሠራችበት።

ሁለታችንም ዲፕሎማ ነርሶች ነን። ዐሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አብረን እንሠራለን። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚያው ማዞሪያው ላይ፣ ከሶፋ መሸጫው በላይ ባለው ኮሌጅ ለዲግሪ እንማራለን። ሜሪ እጇ የተባረከ ነርስ ናት። የጨቅላ ሕፃን ደም ሥር ዓይኗን ጨፍና ታገኛለች፣ ጉልበተኛ በሽተኛ እሷ ስትቀርበው ይለሰልሳል። ቁጥር ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። «ለጤናና ሕይወት ሳይንስ የስታትስቲክስ መግቢያ» የሚባለውን ትምህርት አንድ ጊዜ ወድቃበታለች። ሁለተኛ ከወደቀች ከፕሮግራሙ ትሰናበታለች፣ ክሊኒኩም ለዲግሪ ነርስ ያሰበላትን ቦታ ለሌላ ይሰጠዋል። ይህን እያለቀሰች የነገረችኝ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነበር። እኔም እንባ ሳይ አልችልም፣ አይዞሽ፣ እኔ አሳልፍሻለሁ አልኳት።

መምህራችን ፈቀደ የሚባል፣ አጭር፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነው። አማካይን ያስተማረን በታክሲ ነው። ማዞሪያው ላይ የታክሲ ጥበቃ በአማካይ ዐሥር ደቂቃ ነው ቢሏችሁ ትስማማላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። አንዱ እንደደረሰ ይሳፈራል፣ ሌላዋ በሐምሌ ዝናብ ሰዓት ሙሉ ትቆማለች፣ አማካዩን ግን ዝናብ አይመታውም፣ የምትመቱት እናንተ ናችሁ አለን። ቀጥሎ ስለ «አውትላየር» ተናገረ፣ ማለትም ከሌሎቹ ርቆ ስለቆመ ቁጥር። እኛ ተማሪዎች ይህን ቁጥር አንወደውም። ሥዕሉን ያበላሻል፣ አማካዩን ይጎትታል። ኮምፒውተሩም በኮከብ ምልክት ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

«ብቻውን የቆመ ቁጥር ሰው ነው» አለ መምህር ፈቀደ። «ከመሰረዛችሁ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ አንኳኩ። መሣሪያው ተበላሽቶ ከሆነ ሰርዙት። ሰውየው ታሞ ከሆነ ግን የመጣችሁት ለእሱ ነው።»

ይህን ለሜሪ ስንት ጊዜ ደጋገምኩላት። በረንዳችን ላይ በባቄላ ፍሬ ሳይቀር አሳየኋት። ፍሬዎቹን ሰብስቤ አንዷን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩና ይቺን ምን እናድርጋት ብላት፣ አነሳችና አፏ ውስጥ ጣለቻት። እናቴ በሳቅ ሞተች።

እናቴ ኤቢሴ ትባላለች፣ ሰፈሩ እትዬ ኤቢሴ ይላታል። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መንደር ነው ያረጀችው። ክፉ ልማዷ አንድ ብቻ ነው፣ የደም ግፊቷን አትለካም። አባቴ ጉተማ ምንም ሳይሰማው፣ ሰው ጎትቶት ግፊቱን ተለካ። ከፍ ብሏል ተባለ፣ በሳምንቱ አረፈ። እናቴ ታዲያ የገደለው ቁጥሩ ነው ብላ ደመደመች። ሳይነግሩት በፊት ደህና ነበር፣ ነገሩትና ሞተ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ክንድ ሳስር እውላለሁ። የእናቴን ክንድ ግን አንድ ቀን ማሰር አልቻልኩም። ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ አልቅሻለሁ። «ከልጄ አፍ ሞቴን አልሰማም» ትላለች፣ አለቀ። ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል። ይህን ጭንቀቴን የምናውቀው እኔና ሜሪ ብቻ ነበርን።

የትምህርቱ ማጠቃለያ በጥንድ የሚሠራ አነስተኛ ጥናት ነው፣ ከግማሽ በላይ ነጥብ ይይዛል። እኔና ሜሪ የቀራንዮ ነዋሪዎችን የደም ግፊት መረጥን። ከተመረጠው ቤት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሰው ይለካል፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ከተገኘ እዚያው ይነገረውና ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ቤቶቹ ደግሞ በዕጣ መመረጥ አለባቸው። ሁሉም ቤት እኩል ዕድል ካላገኘ ጥናት አይደለም፣ የጎረቤት ጥየቃ ነው፣ ይለናል መምህሩ።

የእድራችን ዳኛ አቶ ያደሳ ሐሳቡን ሲሰሙ ፊታቸው ጨለመ። ሰው ዛሬ የቤት ቁጥር ሲጻፍ ካየ ሊያፈርሱብን ነው ብሎ ነው የሚያስበው አሉኝ። የሱ ቤት ተጽፎ የእኔ ለምን ቀረ የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ዕጣው በእድር ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እያየ ይውጣ አሉ። አውጪው ደግሞ የሰፈሩ ሰው እንዳይሆን። ሜሪ ዘነበወርቅ ነው የምትኖረው፣ ከሷ የተሻለ ከየት ይመጣል?

በእሁዱ ስብሰባ አቶ ያደሳ ባርኔጣቸውን ገልብጠው ያዙ፣ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ገቡበት። ሜሪ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ በአንድ እያወጣች ጮክ ብላ ታነብባለች፣ ሰውም አንዱን ይመርቃል፣ በአንዱ ይቀልዳል። ሊያልቅ ሲል የኛን ቤት ቁጥር ጠራች።

እናቴን ዞሬ አየኋት። ከሴቶቹ መሀል ቁጭ ብላለች። እምቢ ልትል ነው፣ ሰው ፊት ልታሳፍረኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች።

«ዕጣ ከወጣ ከማን ጋር እከራከራለሁ» አለች። «ሐዋርያም የተመረጠው በዕጣ ነው። ይለኩኝ።»

ያን ቀን ከእድር ቤቱ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም። እኔ ዓመት ሙሉ ያልቻልኩትን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ቻለችው። መድኃኔዓለምን አመሰገንኩ። ሜሪንም አቅፌ አመሰገንኳት፣ እሷ ሳቀችና ምን አደረግኩ፣ እጄን ነው የሰደድኩት አለች።

ሌላም ደንብ ነበር፣ የራስን ቤተሰብ ራስ አይለካም። እጅ ያዳላል፣ ጆሮም መስማት የሚፈልገውን ይሰማል። ስለዚህ እኛ ያለንበትን ቅያስ ሜሪ ወሰደች፣ እኔ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ያዝኩ። ሐሙስ ከሰዓት የእኔን ጨርሼ ቅያሳችን አፍ ላይ ካለው ሱቅ ቆሜ ጠበቅኳት። ከእኛ ቤት ለመውጣት በጣም ቆየች። እናቴ ምግብ አቅርባ ይዛት ነው ብዬ ብዙም አልገረመኝም። ወጥታ ወደኔ ስትመጣ ፊቷ ወዝቶ ነበር፣ ፀሐዩ ነው አልኩ በልቤ።

«መቶ ሠላሳ በሰማንያ» አለችኝ። «ከእኔና ካንቺ ትሻላለች።»

መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ባለሱቁ ሰው የሞተብን መስሎት ወጣ። ሜሪ ጀርባዬን እያሻሸች በቃሽ፣ በቃሽ ትለኛለች። ያን እጇን አሁን ሳስታውሰው ጀርባዬን ያሳክከኛል።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ያቺን ቁጥር እንደ ዲፕሎማ ይዛት ዞረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ነኝ፣ ገና ልጅ ነኝ ትላለች። እኔም አረፍኩ። ሲመቸኝ ሆስፒታል እወስዳታለሁ ብዬ የያዝኩትን ሐሳብ ተውኩት፣ ለምን? ማለዳ ማለዳ ማጅራቴን ያዘኝ፣ ራሴን ወቀረኝ ስትል ብርድ ነው እላታለሁ። ዳማከሴ ጨምቄ እሰጣታለሁ። ነርስ ነኝ እኮ! ክሊኒክ የመጣች ሌላ ሴት ይህን ብትለኝ ወሬዋን ሳትጨርስ ክንዷን አስር ነበር። የእናቴን ግን ቁጥሯን አውቃለሁ፣ የነገረችኝ ሜሪ ናት።

መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የማስገባቱን ሥራ እሷው ጠየቀች። አስተምረሽኝ የለ፣ አንድ ነገር እንኳ ልሥራ አለችኝ። ደስ አለኝ። ቅዳሜ ማታ የላከችልኝን ሳይ፣ ስምና የቤት ቁጥር ባይኖረውም፣ ከተመረጡት ቤቶች አንድ ይጎድላል። ስጠይቃት አንድ ሽማግሌ አልለካም ብለው መለሱኝ አለች። እምቢ የሚል ሰው የትም ይኖራል፣ መምህሩም ይህን ነግሮናል። አለፍኩት።

እሁድ አቀረብን። ሥዕላችን ግድግዳው ላይ ሲበራ መሀሉ ከፍ ያለ፣ ዳርና ዳሩ በቀስታ የሚወርድ፣ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ያለ ነበር። መምህር ፈቀደ ቆሞ ብዙ አየው።

«ቀራንዮ ላይ አንድም ርቆ የቆመ ሰው የለም?» አለ።

«አየሩ ተስማሚ ነው፣ ቲቸር» አለች ሜሪ።

ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠን፣ ሜሪም ትምህርቱን አለፈች። ደረጃው ላይ ተቃቅፈን ስንወርድ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ፣ የደስታ ነው ብዬ።

እናቴ የወደቀችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ጎረቤታችን ፀሐዬ ደወለችልኝ። እናትሽ ቧንቧው ጋ ወድቃለች፣ አፏ ተጣሟል አለችኝ። ሜሪ ጋዋኗን ሳታወልቅ ተከትላኝ ወጣች። ታክሲ ኮንትራት የያዘችው እሷ ናት፣ መኪናው ውስጥ የእናቴን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ የያዘችውም እሷ ናት። ዘነበወርቅ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ ቀና አለ። ከዚህ በፊት ግፊት ነበረባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«የለባትም» አልኩት። «በቅርቡ ተለክታ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ነበር።»

ሐኪሙ የልቧን ራጅ ወደ ብርሃን ያዘልኝ። ግፊቱ ዓመታት ካልቆየባት ልቧ እንዲህ አይሰፋም አለ በለዘብታ። እኔ ተከራከርኩት። ነርስ ነኝ፣ የለካቻትም ነርስ ናት፣ ይቺው እዚህ ቆማለች አልኩና ወደ ሜሪ አመለከትኩ። ሜሪ መሬት መሬት ታያለች። ሐዘን ነው የመሰለኝ።

ስትሮክ ነበር። ሕይወቷ ተረፈ፣ ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ አለ። ምላሷም ተሳሰረ። በተኛችባቸው ሳምንታት ሜሪ ሳትመጣ የቀረችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ብርቱካን ትጨምቅላታለች፣ ፀጉሯን ታጥባታለች፣ የደከመውን እጇን ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታንቀሳቅስላታለች። የተኙት ሴቶች የትኛዋ ናት ልጅሽ እያሉ እናቴን ይጠይቃሉ። እኔ ሜሪን ያን ጊዜ እንደወደድኳት እህት ቢኖረኝ አልወዳትም።

እናቴ ቤት ከገባች በኋላ አንደበቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጥፍሯን ስቆርጥላት ሜሪን ማመስገን ጀመረች። ቃል በቃል እየፈለገች፣ እያረፈች ነው የምታወራው።

«ያን ቀን ስትለካኝ፣ ደጋግማ ነው የለካችኝ» አለችኝ። «አስራ ፈታችኝ። ውሃ ጠጪ፣ ጋደም በይ አለችኝ። እንደገና። ያኛውን ክንዴን ሁሉ። መሣሪያው አስቸግሮኝ ነው ትላለች። እንደ እሷ የተጠነቀቀልኝ የለም።»

የጥፍር መቁረጫው እጄ ላይ ቀረ። መቶ ሠላሳ በሰማንያ የሆነን ሰው ማንም ነርስ ደግሞ አይለካም። አስሮ፣ ሰምቶ፣ ፈትቶ ይሄዳል። አስተኝቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ በሌላኛው ክንድ የሚለካው ያየው ቁጥር ያስደነገጠው ሰው ነው። የቀሩትን ጥፍሮች ቆርጬ ጨረስኩና ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ዐሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ጁስ ቤት ተገናኘን። ስትገባ ገና ፊቴን አይታ አወቀችው። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ስንት ነበር ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለት መቶ ዐሥር በመቶ ሃያ» አለች።

በዚህ ቁጥር ክሊኒካችን የመጣ ሰው ተራ አይጠብቅም፣ እያሯሯጥን ነው የምንልከው። እሷ ከእናቴ ቤት ወጥታ፣ ቅያሱን አቋርጣ፣ ፊቴ ቆማ ከኔ ትሻላለች አለችኝ።

ከዚያ መናገር ጀመረች። በመጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ነበር። ራሷን ለካች፣ ደህና ነው። እናቴን ደገመች፣ ያው ነው። ስትወጣ እኔን ሱቁ ጋ ቆሜ አየችኝ። ብነግራት አሁኑኑ እናቷን ይዛ ሆስፒታል ትሮጣለች፣ እሁድ የሚቀርብ ነገር አይኖርም፣ ብቻዬን አቅርቢ ብባል አልችልም፣ እወድቃለሁ፣ አለቀልኝ አለች በልቧ። ይህን ሁሉ ያሰበችው ቅያሱን ስታቋርጥ ነው። አፏን ስትከፍት ሌላ ቁጥር ወጣ።

«እሁድ ልነግርሽ ነበር» አለችኝ። «በእግዚአብሔር፣ ቦንቱ፣ እሁድ አቅርበን ስንወጣ ደረጃው ላይ ልነግርሽ ነበር። አቀፍሽኝ። እሁድ ካልነገርኩሽ ሰኞ ምን ብዬ ልንገርሽ? ለምን እስከዛሬ ብትይኝስ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ለሰሚው ነው መሰለኝ፣ በተሸካሚው ላይ ግን ይከብዳል። እያንዳንዷ ያለፈች ቀን መናገሩን ይበልጥ አከበደችባት፣ እሷም በያንዳንዷ ቀን ዝም አለች። እኔ ዳማከሴ እየጨመቅኩ።

ስለ ሽማግሌው ጠየቅኳት፣ እምቢ ስላሉት። እምቢ ያለ ሽማግሌ የለም። የጎደለችው ቤት የኛ ነበረች። ኮምፒውተሩ የእናቴን ቁጥር ለብቻው ኮከብ አድርጎ አስቀመጠው፣ ሥዕሉን አጣመመው፣ ሜሪም ሰረዘችው። ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ ነው፣ አንድ የምትመካበት ነገር እንዳላት ሁሉ።

«የውሸት ቁጥር አላስገባሁም» አለች። «መቶ ሠላሳ ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? አልጻፍኩም። ሰረዝኩ እንጂ። ከሰረዝኩት በኋላ ያልለካኋት መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ነው የተቆጣሁት። ለእኔ የዋሸች አፍ ለኮምፒውተር ሐቀኛ ሆነች! ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር መሰለኝ ሰው ዞረ። አልኳት፣ እናቴ ከአባቴ ሞት ወዲህ ክንዷን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። እግዚአብሔር አዘነልኝና ዕጣ አወጣላት። ከዚያ ሁሉ ቤት መርጦ እጅሽ ላይ አስቀመጣት። አንቺ እንደ ባቄላዋ አፍሽ ውስጥ ጣልሻት።

ሜሪ ማልቀስ የጀመረችው አሁን ነው።

«ዕጣውን እግዚአብሔር አላወጣውም» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። የቤታችሁን ቁጥር ከጣቶቼ መሀል ይዤው ነው እጄን ባርኔጣው ውስጥ የሰደድኩት። ቀን በቀን ስታለቅሺ እያየሁ፣ እማዬን አንድ ቀን ብትለካልኝ እያልሽ... ዕጣ ከሆነ እሺ ትላለች ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

ከባርኔጣው ውስጥ የወጣችውን ወረቀት፣ የእናቴን ማማተብ፣ መሬት ሳልረግጥ የሄድኩበትን መንገድ አሰብኩ። በሕይወቴ ማንም ያላደረገልኝን ደግነት ያደረገችልኝ ይቺው እጅ ናት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላል ሰው። እኔን ፈረሱ ኮርቻ ጭኖ፣ አሳፍሮ፣ ዳገቱን ካወጣኝ በኋላ ነው የጣለኝ። መጥፎ ብቻ ብትሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። ተነስቼ ወጣሁ፣ ጁሱን ሁለታችንም አልነካነውም።

ቅዳሜ መምህር ፈቀደን ብቻውን አግኝቼ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ፣ የትኛው እጇ ነው፣ ትናገራለች ወይ አለኝ። ከዚያ ጥናቱ በጥንድ የቀረበ ስለሆነ ውጤቱ ለሁለታችሁም ይሰረዛል አለ። ድምፁ አዝኖ ነበር፣ ፍርዱ ግን አልተለወጠም። ትክክል ነው። ሜሪ ከፕሮግራሙ ተሰናበተች፣ ክሊኒኩንም ለቅቃ ዘነበወርቅ አካባቢ ሌላ ሥራ ያዘች ይባላል። እኔ ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ አማካይ ማለት እያልኩ ነው። ስለ ዕጣው ግን ለመምህሩ አልነገርኩትም። እሱ ካወቀ ወደ እድሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አቶ ያደሳ ይሰማሉ፣ አቶ ያደሳ የሰሙትን እናቴ ሳትሰማ አታድርም።

አሁን እናቴ በየማለዳው ክንዷን ትሰጠኛለች። ትናንት ጠዋትም በረንዳው ላይ ሆነን፣ ሳልጠይቃት የግራ እጅጌዋን በጥርሷ ይዛ ሰበሰበች፣ ቀኙ እጅ አይረዳትማ። መድኃኒቷንም ሳታጓድል ትውጣለች። እኔ ያላሳመንኳትን ሐኪሙም አላሳመናትም፣ ያሳመናት ሌላ ነው።

«ያኔ ዕጣ የወጣልኝ በከንቱ አይደለም» አለችኝ። «ተለኪ ሲለኝ ነው። አንዴ ተለክቼ ችላ አልኩ፣ ቀጣኝ። እንግዲህ እስክሞት እለካለሁ።»

ራሷን ነው የምትወቅሰው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ያን ቀን ቁጥርሽን ደብቀውሽ ነው ልላት አፌ ድረስ ይመጣል። ግን አንዱን ክር ከሳብኩ ሁሉም ይተረተራል። ሜሪ ደበቀች ካልኩ ለምን ትላለች፣ ሜሪን ታስጠራለች፣ ሜሪ ስታለቅስ ደግሞ ስለ ዕጣው ትናገራለች፣ አውቃታለሁ። ዕጣው የሰው እጅ ሥራ መሆኑን የሰማች ቀን እናቴ እጅጌዋን መልሳ ታወርዳለች። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ሜሪ ያን ሁሉ ጊዜ የዋሸችኝን ውሸት አሁን ተረክቤ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህን ነው ይቅር ልላት ያልቻልኩት።

ማሰሪያውን ጠቀለልኩላትና አየሩን መሙላት ጀመርኩ።

«ሜሪ ምነው ጠፋች?» አለችኝ።

«ፈተና ላይ ናት፣ እማዬ።»

«ትምጣና እሷ ትለካኝ። አንቺ ታጠብቂያለሽ፣ የሷ እጅ ልስልስ ነው።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ስለሰካሁ ያልሰማሁ መሰልኩ። አየሩን ቀስ ብዬ ለቀቅኩት፣ የደሟን ድምፅ መጀመሪያና መጨረሻ ሰማሁ፣ አሁንም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ቁጥሩን እንዳለ ነገርኳት።